«እሺ» ያለው ማን ነው?

በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ከሱቃቸው በር ላይ አስቆሙኝ። የ19 ዓመት ልጃቸው ከጥቂት ወራት ወዲህ ብቻውን ማውራት፣ ጎረቤት ሁሉ ያማኛል ማለትና ሌሊቱን ሳይተኛ ማደር አብዝቶ ነበር። መጀመሪያ ጂን ነው ተብሎ ሩቅያ አስደረጉለት፤ ኋላ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሕመሙ ገና ጅምር ላይ መሆኑ ተነግሯቸው መድኃኒት ከተጀመረለት በኋላ፣ አንድ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ልጁ በዚሁ ሕመም ላይ በሚካሄድ ጥናት እንዲሳተፍ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቃቸው። «አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ፤ «ልጄን መሞከሪያ ላድርገው?»

የአባትየውን ፍርሃት ካለማወቅ የመጣ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካው የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ የተፈጸመውን እንመልከት። በ20ዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ ወጣት በመጀመሪያው የሳይኮሲስ ሕመሙ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ ስለ መድኃኒት የመወሰን አቅም የለውም ሲሉ አስተያየት ሰጡ። ቀናት ሳይቆጠሩ ግን ይኸው ወጣት፣ ሦስት መድኃኒቶችን ለማወዳደር በመድኃኒት አምራች ገንዘብ በሚካሄድ ጥናት ለመሳተፍ ፈረመ። አካሚውና ተመራማሪው አንድ ሰው ነበሩ። በዚያ ላይ ወጣቱ የሕክምናውን ትእዛዝ ካልተከተለ ተገድዶ ሆስፒታል እንደሚገባ በፍርድ ቤት ተወስኖበታል። እናቱ ልጃቸው እየባሰበት መሆኑን ደጋግመው ቢያመለክቱም ከጥናቱ አልወጣም። በ2004 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ዩኒቨርሲቲው ለዓመታት ጥፋት የለብኝም ሲል ቆይቶ፣ በ2015 የግዛቱ ምክር ቤት ኦዲተር ከባድ የሥነ ምግባር ጉድለት መኖሩን ሲያስታውቅ ነው አዳዲስ ሕሙማንን ወደ መሰል የመድኃኒት ጥናቶች ማስገባቱን ያቆመው።

ለመሆኑ ያን ወረቀት የፈረመው ማን ነው? ወጣቱ? ሕመሙ? ወይስ «እምቢ ብል ይዘጉብኛል» የሚለው ስጋት?

ከዚህ ተነስቶ ጥናት የሚባል በደጃችን አይለፍ ማለት ግን ሌላ በደል ነው። በኖርዌይ ሮጋላንድ አውራጃ ከ1997 ጀምሮ ሕዝቡ የሕመሙን ምልክቶች እንዲያውቅ ተደረገ፤ ቤተሰብ በቀጥታ የሚደውልለት የባለሙያዎች ቡድንም ተቋቋመ። በውጤቱ ግማሾቹ ሕሙማን ሕመሙ በጀመራቸው በ5 ሳምንት ውስጥ ሕክምና ሲያገኙ፣ ይህ ባልተደረገባቸው አካባቢዎች ግማሾቹ እስኪታከሙ 16 ሳምንት ፈጅቷል። ይህ የታወቀው ታመው ሳለ «መዝግቡኝ» ባሉ ሰዎች ነው።

የራሳችንም ቡታጅራ አለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠየቁ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎችም ለ10 ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በዚህ ጊዜ 121ዱ ሞቱ። የሞቱትም ከዕድሜያቸው 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው! እኛ ስለ ጂን ስንከራከር ሰዎቹ ሌላ ሰው ታክሞ በሚድንባቸው በሽታዎች ይሞቱ ነበር ማለት ነው። እነዚያ የገጠር ሰዎች ለጥናቱ በራቸውን ዘግተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ለመንግሥት የሚያሳይ ቁጥር በእጃችን ባልኖረም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ ፈቃዱ ይመለሳል። በፊቅህ አእምሮውን የሳተ ሰው ተክሊፍ የለበትም፤ ውሉም አይጸናም። ዑለማዎቹ ግን በዚህ አላበቁም። ዕብደቱ የማያቋርጥበትን ሰው ሄድ መለስ ከሚልበት ለይተው፣ የኋለኛው አእምሮው በተመለሰበት ሰዓት የፈጸመውን እንደ ጤነኛ ሰው ሥራ ቆጥረውለታል። ይህ አስተያየት ዛሬ ቅጽ ይዘው ከአልጋ አጠገብ ለሚቆሙ ሰዎች ብዙ የሚያስተምር ይመስለኛል። በጅምር ላይ ያለ ሕመም ብዙ ጊዜ ሄድ መለስ የሚል ነው። ማክሰኞ ያልገባውን ነገር ሐሙስ በደንብ ሊረዳው ይችላል። ታዲያ ለምን በማክሰኞው ፊርማ ይታሰራል? ለምንስ በማክሰኞው ሁኔታ ተፈርዶበት ሐሙስም አባቱ ብቻ ይጠየቁለታል? የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 በሄልሲንኪ ያወጣውና በየጊዜው የሚሻሻለው መግለጫም ቢሆን፣ መወሰን ለማይችል ሰው ቤተሰብ ቢፈቅድም የሕመምተኛው የራሱ እምቢታ መከበር እንዳለበት ያስገነዝባል።

እኔ በበኩሌ ተሳተፉ ባይ ነኝ። ነገር ግን መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪም ራሱ «ጥናቴ ውስጥ ግባ» ባይል ይሻላል፤ ሕመምተኛው አካሚውን እንዴት እምቢ ይላል? መድኃኒት መግዣ ለሌለው ሰው «በጥናቱ ከገባህ በነጻ ታገኛለህ» ማለትስ ልመና ነው ወይስ ማስገደድ? ጥናቱ ሲዘጋ መድኃኒቱም አብሮ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ይህ ከመነሻው በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ለነጋዴው ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩላቸውም። «ልጁን ጠይቀውታል ወይ?» ብቻ አልኳቸው። ዝም አሉ። በሦስተኛው ሳምንት፣ እንቅልፉ ከተመለሰለት በኋላ፣ ቁርስ ላይ ጠየቁት። ለጥያቄያቸው እመልሳለሁ፣ ደም ግን አልሰጥም አለ። ባለሙያውም ያለ ደም መሳተፍ እንደሚቻል ነገራቸው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከረመዳን በኋላ ነው፤ ያን ጠዋትም ከቤት ከመውጣታቸው በፊት እንደገና ሊጠይቁት ተስማምተናል።