በሽታው ራሱ ሲደበቅስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ወቀሱኝ። ወቃሾቼ ሰንጋ ተራ ፈርሶ ባንኮች ሳይሞሉት በፊት አጥር ለአጥር የኖርን፣ ዛሬም እድር የሚያገናኘን ሰዎች ናቸው። ሊጠይቁኝ መጥተው ቶናው ሳይቀርብ ሕመሜን ከነሱ እንደሸሸግሁ አድርገው ተናገሩኝ። ተረቱን እኔም እወደዋለሁ፤ ስንቱን ጓደኛዬን እሱን እየተረትሁ ወደ ሐኪም ገፍቻለሁ። በራሴ ላይ ሲተረት ግን ቆረቆረኝ፤ ሕመሜን ያላሳየሁት ሰው የለምና።

ምን እንዳሳየሁ ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ የቀኝ ዓይኔ ቆብ ይወርዳል። ሲመሽ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ በረንዳ ላይ ቆሜ ወደ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ስመለከት ያ 209 ሜትር ሕንፃ መንታ ወልዶ ይጠብቀኛል። እራት ላይ ጥቂት እንደጎረስሁ መንጋጋዬ ይዝላል፤ ውኃ ትን ይለኛል። ብዙ ካወራሁ ድምፄ በአፍንጫዬ ይወጣል። ሌሊቱን ተኝቼ ጠዋት ስነሳ ግን ምንም የለብኝም።

ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ደግሞ ጠዋት ነው። ካርድ አውጥቼ፣ ወረፋ ይዤ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ጡንቻዬ ያርፋል፤ ስሜ እስኪጠራ ዓይኔ ቁልጭ ይላል። እኔ ልገልጠው ይዤው እሄዳለሁ፤ እሱ በር ላይ ጥሎኝ ይጠፋል። ታዲያ ደባቂው ማን ነው?

በዚያ ላይ ዕድሜዬን ይጠይቁኛል። ስነግራቸው ነገሩ ያልቃል፦ «እርጅና ብቻውን አይመጣም»። ሁለቱ ተረቶች በአንድ ሰው አፍ ተስማምተው መኖራቸው ይገርመኛል። አንዱ ግለጥ ይላል፣ ሌላው የተገለጠውን መልሶ ይከድነዋል። የወጣት ዓይን ሲወርድ ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ የሽማግሌ ዓይን ሲወርድ «እንቅልፉ መጣ» ተብሎ ጋቢ ይደረብለታል። ብዙ ጊዜ ጋቢ ተደርቦልኛል።

በመጨረሻ ሕመሜን የያዘው አንድ ወጣት የነርቭ ሐኪም ነው። ዕድሜዬን ሳይሆን «ማታ ማታ እንዴት ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ አንድ ምሽት ያነሳችኝን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ አሳየችው። ጣቱን ከግንባሬ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘና «ሳይጨፍኑ ይህን ይመልከቱ» አለኝ። ቆየን። ቆቡ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ በረዶ በጓንት ውስጥ ጠቅልሎ ዓይኔ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ያዘው። ሲያነሳው ዓይኔ ተከፍቷል። ለካ ይህ ጡንቻ ሲቀዘቅዝ ይበረታል። የደም ምርመራውና የደረት ሲቲ ስካኑ ኋላ መጡ፤ ስሙ ማያስቴኒያ ግራቪስ ተባለ። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ የገዛ ሰውነቴ የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ትእዛዙ የሚገባበትን ቦታ አጥቅቶታል። ቁልፉ ደህና ነው፣ በሩም ደህና ነው፣ የቁልፉ ቀዳዳ ግን አሸዋ ገብቶበታል።

የነርቭ ሐኪም የሚለውን በቀላሉ አትለፉት። በአገራችን የነርቭ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት እንደ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከቤቴ በእግር ይደረሳል፤ ይህ ሕመም በ1990 ዓ.ም. ቢይዘኝ ኖሮ ግን ቅርበቱ ብዙ አይጠቅመኝም ነበር። መግለጥ የሚያውቅ ዓይን ይፈልጋል፤ ተረቱ ይህን አይናገርም።

ከተረቱ ጋር ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረኝ የአንዲት እንግሊዛዊት ጉዳይ ነው። ቶማስ ዊሊስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1672 ስለ እሷ ጽፏል፤ ብዙ ስትናገር አንደበቷ ይያዝ ነበር፣ ስታርፍ ይመለስላታል። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ነግሠው ነበር። ሜሪ ዎከር የተባለች ሐኪም ለንደን ውስጥ ፊዞስቲግሚን የተባለ መድኃኒት ወግታ የአንዲት የዚሁ ሕመም በሽተኛ ዓይን ሲከፈት ያየችው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። በመካከሉ 262 ዓመት አለ። ዛሬ እኔ የምውጠው ፒሪዶስቲግሚን የዚያው ዘመድ ነው። ታዲያ ያቺ ሴት ምን ታድርግ? አልደበቀችም፤ በመጽሐፍ ሳይቀር ወጥቶላታል። በዓለም ላይ ከ6,000 በላይ ብርቅዬ በሽታዎች ይቆጠራሉ፤ አብዛኞቹ ዛሬም መድኃኒት የላቸውም። ተረቱ «የገለጠ ያገኛል» አላለም ብላችሁ ትከራከሩኝ ይሆናል። አላለም፤ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲተረት ግን የሚሰማው እንዲያ ነው፣ ያላገኘውም ሰው ጥፋተኛ ይሆናል።

የተገኘ መድኃኒትም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም። ለንደን ላይ ከዘጠና ዓመት በፊት የታወቀው ነገር ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ይጠበቃል። ቀኔ በዚያች ክኒን ይለካል። ከምሳ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ እውጣታለሁ፤ ሦስት አራት ሰዓት ታቆየኛለች። በእግሬ ልደታ ደርሼ መመለስ ካለብኝ ጠዋት ነው። ስልክ የሚደውልልኝም ሰው ሳይመሽ ቢደውል ይሻለዋል፤ ከመሸ የሚሰማው የሰከረ ሰው ድምፅ ነው።

ተረቱን ጨርሶ ልጥለው ስል ኤች አይ ቪ ይሟገተኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተስፋ ጎህና የመቅድም ማኅበራት አባላት ሕዝብ ፊት ቆመው «አለብን» ሲሉ የሚውጡት መድኃኒት አልነበረም። በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ገልጠው ሳያዩት ያለፉ ነበሩ፤ የእነሱ መግለጥ ግን ለኋለኞቹ ደረሰ። ይህን አልክድም። ነገር ግን እነሱ ብዙ ነበሩ፤ የብርቅዬ በሽታ ባለቤት ደግሞ ጮሆ አጠገቡ ሁለተኛ ሰው አያገኝም። ፓርኪንሰን ከእኔ ሕመም ይልቅ ብዙ ሰው የሚይዝ ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ለሕሙማኑ ድርጅት የቆመው ወይዘሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው በበሽታው ተይዘው ስለተነሣሡ ነው።

በሌላ በኩል በሽታውን የገለጠ መድኃኒት ይዘንብበታል። ስሙን ለጎረቤት ከነገርሁ ወዲህ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር መጥቶልኛል፤ ጠበሉንም የጠቆሙኝ አሉ። ፍቅር ነውና እቀበላለሁ፤ ማሩን በላሁት።

ወደ ተረቱ የመለሰኝ ግን አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሆነው ነው። በቅርቡ የሽንት ኢንፌክሽን ይዞኝ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘልኝ። ብዙ ሰው የሚወስደው የታወቀ መድኃኒት ነው። ፋርማሲስቷ ፓኬቱን አንስታ «በቀን ሁለት ጊዜ» እያለች ልትጽፍበት ስትል ልጄ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችላት። አነበበችው፣ ፓኬቱን ወደ መደርደሪያው መለሰችና «ሐኪምዎ ይቀይሩልዎ» አለች። ወረቀቱ ላይ ጡንቻዬን የበለጠ ሊያደክሙ የሚችሉ መድኃኒቶች ተጽፈዋል፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ኩዊኒን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዚየም። ድካሙ እስከ መተንፈሻ ጡንቻ ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ከተረቱ ጋር የምታረቀው በዚህ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒትማ ያገኛል፤ በየመንገዱ ሞልቶለታል። የሚያገኘው ግን የማይስማማውን ነው። ወቃሾቼ እንዲህ ብለው ቢተርቱብኝ ዝም እላለሁ።

ፋርማሲስቶች ሆይ፣ ለሽማግሌ ክኒን ስትሰጡ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የቆየ ሕመም አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረፋው ቢረዝምም። ልጆች ደግሞ፣ አባታችሁ ሲመሽ ዓይኑ ከወረደ፣ እናታችሁ እራት ላይ ትን የሚላት ከሆነ፣ ጋቢ ሳትደርቡላቸው በፊት ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጹ፤ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይዛችኋቸው ስትሄዱ የማታውን አሳዩት።