የተማረ ሰው ለጎረቤቱ ምን ዕዳ አለበት?

ውድ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ገንዘብ ተበድሮ ያልከፈለን ሰው ዳኛ ያስከፍለዋል። ዕውቀትን ተቀብሎ ለሌላው ያላካፈለውን ግን ማን ይከሰዋል? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በክረምት ወራት ለአገሩ ሕዝብ ንግግር ሊያደርጉ ይገባል ወይስ አይገባም ብለው ጎረቤቶቼ ሲከራከሩ ስለ ሰማሁ ነው። አንደኛው ወገን «መምህሩ ደመወዝ የሚቀበለው ተማሪውን ሊያስተምር ነው፤ ዕረፍቱ የራሱ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በሕዝብ ገንዘብ የተማረ ሁሉ የሕዝብ ባለዕዳ ነው» ይላል።

ሕጉን የጠየቅን እንደ ሆነ መልሱ ቅርብ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር ማኅበረሰቡን እንዲያገለግሉ ያዛል። ነገሩም አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ አድርጎ ነበር፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ አስተማሩ። ነገር ግን ሕግ ሰውን በጉባኤ ፊት ሊያቆመው ይችላል እንጂ ልቡን እንዲሰጥ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው የሕግ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ መቅደላ በቅርባችን አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ የእንግሊዝም ጦር አምባውን ያዘ። ሀብቱ ተዘረፈ፤ በደላንታ ሜዳም በጨረታ ተሸጠ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለእንግሊዝ መንግሥት ቤተ መዘክር ደረሱ፤ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዘረፋው በደል ነው፤ በደልነቱንም ምንም አያቀልለውም። ይሁን እንጂ ለእኛ ሌላም ትምህርት አለበት። ከአምባው የተወሰደው መጽሐፍ ተወሰደ፤ በየደብሩ የተገለበጠውንና በተማሪ ቃል የተያዘውን ግን ዝሆንም በቅሎም ጭኖ ሊወስደው አልቻለም። በአንድ ስፍራ የተከማቸ ዕውቀት በአንድ ቀን ይዘረፋል፤ የተካፈለ ዕውቀት ግን ሌባ የለውም።

ይህንም በዘመናችን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሕፃናት ከፊደል ተለይተዋል። ቤቱ በተዘጋ ጊዜ ትምህርቱ አብሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገው፣ በቤቱ ውስጥ የነበረው ዕውቀት አስቀድሞ ወደ ውጭ የወጣ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ በመሆኔ የአገሬ ሰው ሁሉን የማውቅ ይመስለው ነበር፤ እኔም እንዲመስለው እወድድ ነበር። ቆርምድ የሚሉት የባቄላ በሽታ ወደ አካባቢያችን በመጣ ጊዜ አንድ ጎረቤቴ ቅጠሉ ያበጠ ባቄላ ነቅሎ ይዞ መጣና «መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም አላውቅም ማለት አፍሬ «የዝናብ እጥረት ነው፤ ሲዘንብ ይድናል» አልሁት። እርሱም አመነኝ፤ በከርሞውም በዚያው ማሳ ላይ ባቄላ መልሶ ዘራ። በሽታው ከአፈርና ከታመመው ገለባ ጋር ተደብቆ የሚከርም ነውና የዚያ ዓመት አዝመራው ጠፋ። ማሳውን በገብስ ወይም በስንዴ ለውጥ የሚለው ቢያገኝ ኖሮ ልጆቹ ባልተራቡ ነበር። ጎረቤቴ አልወቀሰኝም፤ አለመውቀሱ ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ያጎደልሁበት ዕዳ ዕውቀት አልነበረም፤ «አላውቅም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

ከዚያ በኋላ በአንድ የክረምት በዓል ቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስለ መረሬ መሬት ሲናገር በመካነ ሰላም ሰማሁ። ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር በሰፊ መደብና በቦይ ቢታረስ ውሃው እንደሚጠነፈፍ አስረዳ። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና «ልጄ፣ የእኔ ማሳ ዘቅዛቃ ነው። በነገርኸኝ ቦይ የወረደ ጎርፍ አፈሬን ይዞ ዐባይ ይገባል፤ ምን ላድርግ?» አሉት። መምህሩ ጥቂት ዝም አለና «አባቴ፣ ማሳዎን ሳላይ ብመልስልዎ እዋሻለሁ፤ ነገ ያሳዩኝ» አላቸው። በማግሥቱም በጭቃ እየተንሸራተተ አብሯቸው ሲወርድ አየሁት። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ ያ ቀን መምህሩን ከሽማግሌው ይልቅ ያስተማረው ይመስለኛል። እኔም በልቤ፣ ያን የባቄላ ቅጠል ይዞ የመጣው ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ሰው ቢያገኝ ኖሮ አልሁ።

ስለ ዕረፍቱ የሚከራከሩት ሰዎች ጨርሶ ተሳስተዋል አልልም። መምህርም ይደክማል፤ ቤተ ሰብም አለው። ስለዚህ ንግግሩ በግድ የሚጎተትበት ሸክም ሊሆን አይገባውም፤ ጉባኤውም ቤት፣ ቡናና አክብሮት ሊያዘጋጅለት ይገባል። የቀኑ ምርጫም ማስተዋል ይጠይቃል። በዴንማርክ አገር ቄስ ግሩንትቪግ ባሳቡት መሠረት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1844 የተጀመሩት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የገበሬውን ወጣት የሚሰበስቡት ባመዛኙ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በብርዱ ወራት ነበር። የእኛ ክረምት ግን የእርሻና የአረም ወራት ነው። እንግዲያስ ገበሬው ሞፈር በማያነሣበት በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብም ከጁምዓ ስግደት በኋላ ቢሆን ክርስቲያኑም እስላሙም በየተራ ይመቸዋል። ወሎ መስጊድና ደብር ጎን ለጎን ያስተማሩባት አገር ናትና ይህ ለእርሷ እንግዳ አይሆንም። ንግግሩም ሰው በሚሰማው አማርኛ ይሁን፤ በባዕድ ቃል የታጀለ ንግግር በእንቅብ እንደ ተደፋ መብራት ነው።

ሰሚውም ዕዳ አለበት። ለአበል ብቻ የሚሰበሰብ፣ ላጨበጨበው ነገር አንድ ጥያቄ እንኳ የማይጠይቅ ጉባኤ ተናጋሪውን ያበላሻል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም በመካከላችን ነው፤ አጥሩን ግን ከውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን ከውጭ ያለውም ከፍ ያደርገዋል። «ያ የምሁራን ቤት ነው» ብለን አልፈነው የሄድን እንደ ሆነ ጥፋቱ የእኛም ነው።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፣ ለክረምት ወደ ወላጆችህ ቤት ስትመለስ መምህሩን አትጠብቅ። የተማርኸውን ለእናትህ በምድጃ አጠገብ ንገራት፤ የማታውቀውንም አላውቅም በል፤ ጠይቀህም ተመለስ። የተማረ ሰው ለጎረቤቱ ያለበት ዕዳ ይህ ነው፤ የሚያውቀውን ማካፈል፣ የማያውቀውን አለመሸፈን። የገንዘብ ዕዳ ሲከፈል ከኪስ ይጎድላል፤ ይህ ዕዳ ግን በተከፈለ ቁጥር ከፋዩን ያበለጽገዋል።