ጣቶቼ ያልረሱት



በዚህ ሳምንት ከቡራዩ አንድ ወንድም በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። እናቱ እቁብ ሲደርሳቸው "ለትምህርትህ ይሁንህ" ብለው ላፕቶፕ ገዙለት። ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ባለ 4 ጊጋ ራም ነው። አዳዲሶቹን ጌሞች አይችልም፤ የድሮዎቹን ግን ያለ ችግር ያስኬዳል። እሱም በልጅነቱ ጌም ቤት የተጫወታቸውን አንድ በአንድ እየጫነ ማታ ማታ ወደነሱ ተመልሷል። "ኡስታዝ፣ ሐራም ነው?" ይላል። ስሙን ሳልጠቅስ እንድጽፍበት ፈቅዶልኛል። ከሰበታና ከሱሉልታም ይህንኑ የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ ለእናንተም ይሁን።

ሐራም ነው ወይ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ጨዋታ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ የሚያበላሸው በውስጡ ያለው ወይም የሚያስረሳን ነገር ነው። በዒድ ቀን ሐበሾች፣ የእኛው አገር ሰዎች፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ አልከለከሏቸውም። እንዲያውም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከኋላቸው ቆማ፣ ራሷ እስክትሰለች ድረስ እንድታይ እየጋረዷት ቆሙላት። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ጨዋታን በጅምላ የሚያወግዝ ሰው ካጋጠመህ በአደብ ይህን ሐዲስ አስታውሰው።

ግን ወንድሜ፣ አንተ የጻፍክልኝ ይህን ለመስማት አይመስለኝም። ልብህ ቢረጋ ኖሮ መልእክትህ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አይደርሰኝም ነበር።

እኔም የራሴን ልንገርህ። ሰው ጥፋቱን አደባባይ ማውጣቱ የተጠላ መሆኑን አውቃለሁ፤ የምጽፈው እንድትጠቀምበት ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ለደርስ ዝግጅት ብዬ ርካሽ ላፕቶፕ ገዛሁ። አንድ ተማሪዬ በፍላሽ ይዞ መጥቶ ፔስ 6ን ጫነልኝ። የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። የእኔ እኩዮች የኢንተሩን አድሪያኖ ታስታውሱታላችሁ፤ ከየትም ለግቶ ያገባ ነበር። "አንድ ጨዋታ ብቻ" ብዬ ከዒሻእ በኋላ ጆይስቲኩን ያዝኩ። ስነሳ ሌሊት 8 ሰዓት አልፎ ነበር። ለሱብሒ የነቃሁት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው።

በእንቅልፍ ላይ እያለ ሰላት ያለፈው ሰው እንደ ቸልተኛ እንደማይቆጠር ሐዲሱን አውቀዋለሁ፤ አስተምረዋለሁም። ያን ጠዋት ግን ልጽናናበት አልቻልኩም። እንቅልፉን ያዘገየሁት ራሴ ነኛ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻእ በኋላ ለወሬ መቀመጥን ይጠሉ ነበር። ይህን ሐዲስ ከኪታብ የተማርኩት ከብዙ ዓመት በፊት ቢሆንም የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሰላቱን ከፍዬ ተውበት አደረግኩ። ከዚያ በኋላም ሲከነክነኝ የሰነበተው ሌላ ነገር ነበር። ያን ሌሊት ጣቶቼ ሁሉንም ያውቁ ነበር። የቱን ቁልፍ ከየትኛው ጋር እንደምጫን፣ መቼ እንደማቀብል፣ መቼ እንደምለጋ። ከ15 ዓመት በላይ ሳልነካው! በዚያው ዕድሜ በመድረሳ የሐፈዝኩት ሱረቱል ሙእሚኑን ግን፣ 118 አንቀጾቹን አንድም ሳልሳሳት ለሸይኼ ያሰማሁት ሱራ፣ ዛሬ መሃሉ ላይ ያስቆመኛል።

በመድረሳ ወደ ሐፈዝከው መመለስ ሙራጀዓ ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣን ካልተከታተሉት ከታሰረበት ከሚያመልጥ ግመል ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሄድ አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ "ሙራጀዓ ስላላደረግክ ነው" ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ግን ጨዋታውንስ መቼ ሙራጀዓ አደረግኩት?

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሌላ መልስ አለው፤ እጅ የለመደው ነገርና ቃል የያዘው ነገር በአእምሮ ውስጥ አቀማመጣቸው ይለያያል። ብስክሌት መንዳት እንደማይረሳ ማለት ነው። እሱም እውነት ነው፤ ግን ለእኔ አልበቃኝም። ጌም ቤት የምንሄደው እየሮጥን ነበር። ቤንች ላይ ተጠጋግተን፣ ተራ እየጠበቅን፣ ጓደኛችን ሲያገባ አብረን እየጮህን። ወደ መድረሳ ግን ስንቶቻችን እየሮጥን ሄድን? አለንጋው ይታወሰኛል። ሸይኾቼን ልወቅስ አይደለም፤ ያለ ደመወዝ ዕድሜያቸውን የሰጡን ሰዎች ናቸው። ሆኖም ኢማም አል-ገዛሊ ከ900 ዓመት በፊት በኢሕያእ ዑሉሚዲን ውስጥ፣ ልጅ ከትምህርት በኋላ እንዲጫወት ካልተፈቀደለትና በትምህርት ብቻ ከተጨናነቀ ልቡ እንደሚሞት ጽፈዋል። ስለዚህ አሁን ለምናስተምረው ለእኛ ጥያቄ አለብን። ለአንተም ሌላ ጥያቄ አለኝ።

የምትመለሰው ወደ ምንድነው? ጨዋታውን ታውቀዋለህ፤ ምን እንደሚመጣ ሳይቀር ታውቃለህ። እኔ ስመረምረው የፈለግኩት አድሪያኖን አልነበረም። ኪራይ የማያውቀውን፣ ሥራ ፍለጋ ያልወጣውን ልጅ ነበር። ቀኑን ሙሉ አዲስ አበባ ውለህ፣ አየር ጤና ወይም አሸዋ ሜዳ ወይም አዲሱ ገበያ ላይ የታክሲ ሰልፍ ቆመህ፣ አቧራና ጭቃውን አልፈህ ቤትህ ስትገባ፣ ምንም ክፉ ዜና የማያመጣ ነገር መፈለግህ ይገባኛል። ለዚህ አልቆጣህም። ሐንዘላ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ዘንድ ወጥቶ ከቤተሰቡ ጋር ሲሆን ልቡ እንደሚለወጥበት ሲያማርር፣ ጊዜ ለዚህም ለዚያም እንዳለው ነግረውታል። የእኔ ጭንቀት የሚጀምረው "ለዚያ" የተባለው ጊዜ ለ"ዚህ" ምንም ሳይተርፈው ሲቀር ነው። በቀን 2 ሰዓት በዓመት 730 ሰዓት ነው፤ ሌትና ቀን ሲቆጠር 30 ቀን። አንድ ረመዷን ሙሉ ማለት ነው።

ስለ ፍላሹም ዝም ብዬ አላልፍም። እነዚህን ጌሞች አብዛኞቻችን የምናገኛቸው በኮፒ ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጨምራል። እኔም ምክንያት አላጣሁም፤ "ድርጅቱ ዛሬ አይሸጠውም፣ ማንን ጎዳሁ?" ብዬ ሸይኼን ጠየቅኳቸው። ብዙ አላብራሩም። "ላንተ ሲሆን ምክንያቱ ለምን በዛ?" አሉኝ። አጠፋሁት። ኮናሚ አሁን የሚያወጣው ኢፉትቦል በነፃ ይገኛል፤ ግን ተጫዋች በዕድል የሚወጣበትን ዕጣ በገንዘብ ከመግዛት ተጠንቀቅ፤ ከቁማር ያለው ርቀት አይታየኝም።

የቡራዩ ወንድሜ፣ ያንተ ጉዳይ ግን ከኮፒም ከሰዓትም በላይ ነው ብዬ ጻፍኩለት። እናትህ እቁቡን የጣሉት በአንድ ቃል ላይ ነው፤ ለትምህርት። ያ ላፕቶፕ አማና ነው። መጫወትህን አላሳጣሁብህም፤ እሳቸው ሲገቡ ስክሪኑን የምትቀይር ከሆነ ግን ፈትዋውን ጣትህ ሰጥቶሃል። ሂድና ንገራቸው፤ ምን እንደምትጫወት አሳያቸው፤ ስንት ሰዓት እንደምታጠናም አብራችሁ ወስኑ።

ትናንት ከመግሪብ በኋላ መለሰልኝ። አጠገቡ አስቀምጦ አሳይቷቸዋል። መጀመሪያ ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው፣ "ይሄ ሰውዬ ለምንድነው ኳሱን ለጓደኛው የማያቀብለው?" አሉት። ከዚያ ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠየቁት።