የሐና ጸሎት፦ ያልተፈጸመን ናፍቆት በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰስ



መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የሚጀምረው በንጉሥ ወይም በጦርነት ታሪክ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥ ባለ ኀዘን ነው። ሕልቃና ሁለት ሚስቶች አሉት፤ ፍናና ልጆች ወልዳለች፤ ሐና ግን መካን ናት። ቤተ ሰቡ በየዓመቱ መሥዋዕት ለማቅረብ ወደ ሴሎ ይወጣል። ለሌላው የደስታ በዓል የሆነው ያ ቀን ለሐና ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የከበደ ነው። ከመሥዋዕቱ ድርሻ ሲታደል ለፍናና ከነልጆቿ ይሰጣል፤ ለሐና የሚሰጠው የእርሷ የብቻዋ ነው። በዚያ ላይ ጣውንቷ ታበሳጫታለች። ይህም በየዓመቱ እንደዚያው ይሆን እንደ ነበር መጽሐፉ ይመሰክራል (1ሳሙ 1፣7)።

የሐናን በዓል የምታውቁ በየቁምስናችን አላችሁ። የሌሎችን ልጆች ክርስትና ለማንሣት ተጠርታ በደስታ የምትቆም፣ ማታ ግን ድምፅ ወደማይሰማበት ቤቷ የምትመለስ እኅት አለች። ለሥራ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ከሄደች በኋላ ድምፅዋ የጠፋባትን ልጅ ስም በየቅዳሴው በልቧ የምታነሣ እናት አለች። የክህነት ጥሪ ተሰምቶት ዘርዐ ክህነት ከገባ በኋላ በሕመም ምክንያት ወይም ወላጆቹን ለመጦር የተመለሰ፣ ዛሬ በገጠር ቤተ ጸሎት ሕፃናትን የሚያስተምር ካቴኪስት አለ። የእነዚህ ሰዎች ናፍቆት ክፉ አይደለም፤ ሸክሙን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ክፉ ምኞት ቢሆን ኖሮ በንስሓ ይተዉት ነበር። እግዚአብሔር ራሱ በልብ የዘራው የሚመስል፣ መልካምና ቅን የሆነ ምኞት ዓመት በዓመት ሳይፈጸም ሲቀር ግን ሰው ምን ያድርገው?

ሐናን ለማጽናናት ወይም ለማረም የሚቀርቡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ይስታሉ። አንደኛው ባሏ ነው። ሕልቃና ይወዳታል፤ ይህ አያጠራጥርም። ነገር ግን ስታለቅስ ባየ ጊዜ፣ እርሱ ለእርሷ ከዐሥር ልጆች እንደሚሻል ሊያስረዳት ይሞክራል። ከቅን ልብ የወጣ ቃል ነው፤ ሆኖም ኀዘኗ እንዲቆም ፈለገ እንጂ ኀዘኗን አልሰማም። ሐና መልስ እንደ ሰጠችው አልተጻፈም። ሁለተኛው ካህኑ ዔሊ ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ድምፅዋ ግን ሳይሰማ ቢያይ የሰከረች መሰለችውና ገሠጻት። እኛ ካህናት ይህን ክፍል ስናነብ ቆም ልንል ይገባናል፤ ልቧን በእግዚአብሔር ቤት የምታፈስ ሴት ከመቅደሱ አገልጋይ በመጀመሪያ ያገኘችው ወቀሳ ነበርና። ስለ ዔሊ ግን ይህንም መናገር ፍትሕ ነው፤ ስትመልስለት አዳመጣት፤ ሐሳቡንም ለውጦ መረቃት።

በዘመናችን ደግሞ ቀን ቆርጦ ተስፋ የሚሰጥ ስብከት በርክቷል። «ካመንሽ በዚህ ዓመት ትወልጃለሽ፤ ያልወለድሽ እንደ ሆነ እምነትሽ ጎድሏል» ይላታል። የተባለው ዓመት ሲያልፍ ያቺ ሴት ሁለት ሸክም ይዛ ትቀራለች፤ አንዱ የቀድሞው ኀዘኗ፣ ሁለተኛው እምነት የለሽ የመባል ክስ። ይህን በሌሎች ላይ ብቻ እንዳናመካኝ፣ በእኛም ቤት ተቃራኒው ስሕተት አለ። ሰው ልቅሶውን ሳይጨርስ «ፈቃዱ ነውና ተቀበይው» ማለት እንወዳለን። የእግዚአብሔር ፈቃድ ቅዱስ ነው፤ ይህን ቃል አፍ ለማዘጊያ ስናደርገው ግን በእግዚአብሔር መታመንን ሳይሆን ተስፋ መቁረጥን እናስተምራለን። ምኞቱን በልቡ ውስጥ የገደለ ሰው ለእግዚአብሔር የሚያስረክበው ምን ይቀረዋል?

ሐና ከእነዚህ መንገዶች በአንዱም አልሄደችም። ምኞቷን አልካደችም፤ እንዲያውም በስሙ ጠራችው፤ ወንድ ልጅ እንዲሰጣት ለመነች። ኀዘኗንም አላሳመረችም፤ ምርር ብላ አለቀሰች። ከዚያም ስለት ተሳለች። ስለት በአገራችን የታወቀ ነው፤ «ይህን ከሰጠኸኝ ጃንጥላ አገባለሁ፤ ጧፍ አበራለሁ» እንላለን። በቅን ልብ የሚደረገውን አልነቅፍም። የሐና ስለት ግን ከዚህ ይለያል፤ የተሳለችው ያንኑ የለመነችውን ልጅ መልሳ ለመስጠት ነው። የምትናፍቀውን ነገር ከማግኘቷ በፊት በእግዚአብሔር እጅ አኖረችው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስለት ከገበያ ውል ጋር ማመሳሰል አይቻልም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥቅስ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የምዕራፉ ልብ ነው (1ሳሙ 1፣18)። ሐና ከጸሎቷ ተነሥታ ሄደች፤ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ የቀድሞው የኀዘን ፊት አልነበረም። በዚያ ሰዓት ግን ገና አልፀነሰችም። ፍናና እንደ ነበረች አለች፤ ማዕዱም ያው ማዕድ ነው። ዔሊ የሰጣትም ምርቃት እንጂ ቀን የተቆረጠለት ተስፋ አልነበረም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ እስከዚያ ቀን ብቻዋን የተሸከመችውን ከዚያ ወዲያ ከእግዚአብሔር ጋር ተሸከመችው። ሳሙኤል የመጣው በኋላ ነው፤ ሰላሟ ቀደመው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ የዮሐንስን መልእክት ሲያብራራ ናፍቆትን ከአቁማዳ ጋር ያነጻጽረዋል። ብዙ ሊከትበት የሚፈልግ ሰው አቁማዳው ጠባብ መሆኑን ሲያይ ይወጥረዋል፤ ያሰፋዋል። እግዚአብሔርም በማዘግየቱ ናፍቆታችንን ይዘረጋል፤ የተዘረጋው ናፍቆት ደግሞ ሊሰጠን ያለውን ታላቅ ነገር፣ ማለት ራሱን፣ እንድንችል ነፍሳችንን ያሰፋታል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ተስፋ በጻፉት መልእክት ይህንኑ ትምህርት አስታውሰዋል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አቁማዳ ሲወጠር ያማል። ይህ ምሳሌ የሚያዝነው ሰው ራሱ በጸሎቱ ውስጥ ሊደርስበት የሚገባ እንጂ፣ ጎረቤት በልቅሶ መካከል የሚወረውርበት አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ በዚህ ጊዜ «አባ፣ ሐና እኮ በመጨረሻ ወለደች» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ስለዚህ ከሐና ጋር ሙሴን ማንበብ ያስፈልገናል።

ሙሴ ሕዝቡን 40 ዓመት በምድረ በዳ መራ። በመጨረሻም ዮርዳኖስን ተሻግሮ መልካሚቱን ምድር እንዲያይ እግዚአብሔርን ለመነ። መልሱ እንቢታ ብቻ አልነበረም፤ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ እንዳይናገረው አዘዘው (ዘዳ 3፣23-27)። ወደ ናባው ተራራ ወጥቶ ምድሪቱን ከሩቅ በዐይኑ አየ፤ በ120 ዓመቱም በዚያው በሞዓብ ምድር ሞተ። እግዚአብሔር ወዳጁ ብሎ ፊት ለፊት ያነጋገረው ሰው የሕይወቱን ታላቅ ምኞት ሳያገኝ አለፈ። እምነቱ ጎድሎ ልጁን ያጣ ነው እየተባለ በሚታማበት ቤት ይህ ታሪክ በጉልህ ይነበብ!

ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦርን ስናከብር፣ ልጆችም ችቦ ለኩሰው ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ ጌታ በተራራው ላይ በክብር በተገለጠ ጊዜ ከአጠገቡ እነማን እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። አንዱ ኤልያስ ነው፤ ሌላው ሙሴ። በትውፊታችን የተራራው ስም ታቦር ነው፤ ታቦርም ከዮርዳኖስ ወዲህ፣ በተስፋይቱ ምድር በገሊላ ይገኛል። ከዘመናት በኋላ ሙሴ በዚያች ምድር ቆመ፤ ከናባው ራስ ያያት ያን ጊዜ ተራራዎቿን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ምድሪቱን የሰጠውን ጌታ ፊቱን እያየ ያነጋግረዋል። ጸሎቱ አልጠፋም ነበር። ሆኖም ይህን ለማለት የምንችለው እኛ ነን፤ በናባው ላይ ዐይኑን ሲከድን ሙሴ ስለ ታቦር የሚያውቀው ነገር እንደ ነበር መጽሐፍ አይነግረንም።

በምድራችንም እንዲህ ያለ ጉዞ የተጓዘ አባት አለን። አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ ይሉት የነበረው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዐድዋ ደረሰ። ቋንቋችንን ተማረ፤ በግእዝ ሥርዓት ጸለየ፤ የአገሩን ልጆች ለክህነት አዘጋጀ። በ1849 ምጽዋ ላይ ጵጵስና ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የመጣው እስርና ስደት ነው። በመንፈስ ልጁ፣ በዕድሜ ግን ታላቁ የነበረው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰረ ዐረፈ። አቡነ ያዕቆብም ሐምሌ 31 ቀን 1860 ወደ ሐላይ በመውጣት ላይ ሳለ፣ ታሞ፣ በመንገድ ላይ ሞተ። በዙሪያው የነበሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ የተከለውም ገና ለጋ ነበር። በ1975 ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ስታውጀው ከሞተ 115 ዓመት ሆኖት ነበር። በአሊጋዴ ሸለቆ ለሞት ሲያጣጥር ግን ይህን ዓመት አላየውም፤ የያዘው ጌታውን ብቻ ነበር።

ከሁሉ በላይ ጌቴሴማኒን እንመልከት። ጌታችን ጽዋው እንዲያልፍለት መለመኑን ወንጌላውያን አልሸሸጉም። ምኞቱን ለአባቱ በግልጽ ነገረ፤ ከዚያም የአባቱን ፈቃድ ከራሱ አስቀደመ። ሁለቱም በአንድ ጸሎት ውስጥ አሉ፤ አንዱን ትተን ሌላውን ብቻ ማስተማር አንችልም። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ደግሞ ክርስቶስ በብርቱ ጩኸትና በእንባ ጸልዮ እንደ ተሰማለት ይናገራል (ዕብ 5፣7)። ጽዋው ግን አላለፈም። እንግዲህ «ተሰማለት» ማለት ምን ማለት ነው? አባቱ የሰማው በመስቀሉ በኩል አልፎ በትንሣኤ ነው። እግዚአብሔር ሰምቶን የለመንነው ግን ሳይሰጠን ሊቀር ይችላል። ይህን የምንለው ነገሩ ስለ ቀለለን አይደለም፤ በልጁ ላይ ስላየነው ነው።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለኝ። ልጅ ያጣች ሴት ወደ እናንተ ስትመጣ ሣራን፣ ሐናንና ኤልሳቤጥን እንደ ማረጋገጫ አትደርድሩባት። ምን ኃጢአት እንዳለባት አትመርምሩ። ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት እንዳልሆነ ንገሯት፤ ባሏም አብሮ ይመርመር፤ በአገራችን ይህን ሸክም በሴቷ ላይ ብቻ የመጣል ልማድ አለና። «የማደጎ ልጅ አሳድጊ» የሚለውንም ምክር አትቸኩሉበት፤ ማደጎ ቅዱስ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሕፃኑ የሌላ ልጅ ምትክ ሆኖ ሊመጣ አይገባውም።

ከዚያ ይልቅ አብራችኋት ጸልዩ። ቃል ያጣች እንደ ሆነ መዝሙር 88ን፣ በግእዙ ዳዊት 87ኛውን፣ ቀስ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡ። ይህ መዝሙር እንደ ሌሎቹ የኀዘን መዝሙሮች በምስጋና አይዘጋም፤ የሚያልቀው በጨለማ ነው። የሚጮኸው ሰው ግን ቀንም ሌሊትም የሚጮኸው ወደ አምላኩ ነው፤ ከጨለማው ውስጥም ፊቱን ወደ ሌላ አላዞረም። በላቲን ሥርዓት የሰዓታት ጸሎት ውስጥ ይህ መዝሙር ዘወትር ዓርብ ከመኝታ በፊት ይጸለያል። መልስ ያላገኘችው እኅታችሁ ዓርብ ማታ በቤቷ ስትጸልየው፣ በዓለም ዙሪያ መነኮሳት፣ መነኮሳይያትና ካህናት ያንኑ ቃል ከእርሷ ጋር እያሉት እንደ ሆነ ንገሯት።