«ሲስተሙ ነው» ማለት ከኃላፊነት ያድናልን?

ዘመናችን የኮምፒዩተር ዘመን ነው ይባላል። አባባሉ ለከተማችን ለሐረርም ቢሆን የተጋነነ አይደለም። ከፈረስ መጋላ እስከ ሸዋ በር ገበያ ብንመላለስ፥ ትናንት ገንዘቧን በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥር የነበረች ነጋዴ ዛሬ የሸጠችበትን ሒሳብ በስልኳ ስትቀበል እናያለን። ክፍያው፥ ምዝገባው፥ የፈተናው ውጤት፥ የሆስፒታሉ ካርድ ሳይቀር በኮምፒዩተር በኩል ያልፋል። ስለዚህም በባጃጅ ውስጥ፥ በቡና ላይ፥ በዶርም፥ ከጉባኤ በኋላም በዛፍ ጥላ ሥር ስለ ኮምፒዩተር አስተያየት የማይሰጥ ሰው የለም።

ይህን ጨዋታ አዘውትሮ የሚሰማ ሰው ሦስት አስተያየቶች እየተመላለሱ ይመጡበታል። አንደኛው «ሲስተሙ ነው እንጂ እኛ ምን አደረግን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ይህ ሁሉ የክፉ መንፈስ ሥራ ነው» የሚል ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ አንዱ ማሽኑን ማመካኛ፥ አንዱ ጣዖት፥ አንዱ ጋኔን ያደርገዋልና። በእኛ አስተያየት ግን ሦስቱም የአንድ ስሕተት ልጆች ናቸው። ስሕተቱም ማሽኑን አድራጊ፥ ሰውን ተመልካች አድርጎ መቍጠር ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ነገር ያልሰማ ተማሪ ይኖራል ብለን አናምንም። ያን ሌሊት የባንኩ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ከኤ.ቲ.ኤም. ማውጣትና ወደ ሌላ ሒሳብ ማዛወር ቻሉ። ብሔራዊ ባንክ በኋላ እንደ ገለጠው፥ እክሉ የመጣው ከውጭ በተሰነዘረ ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ይካሄድ ከነበረ የማሻሻልና የመፈተሽ ሥራ ነው። ወሬው በስልክ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በረረ፤ በየግቢው ባሉት ማሽኖች ፊት በሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ነገሩን ሲያውቅ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። ዩኒቨርሲቲዎችም ገንዘቡን የወሰዱ ተማሪዎች እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ በፈቃዱ የመለሰም እንደማይከሰስ ተነገረ። በዚያው ወር የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ እንዳስታወቁት፥ ያለ አግባብ የተወሰደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ሲሆን 623 ሚሊዮን ብር ያህሉ ተመልሶ ነበር። ምንም ሳይመልሱ የቀሩት 567 ሰዎች ናቸው ተባለ፤ ስማቸውና ፎቶግራፋቸውም ይፋ ወጣ።

ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው። ብዙ ጓደኞቻችን እንዲህ ሲሉ ተከራክረዋል፤ «ካርዱ የራሴ ነው፤ የምሥጢር ቍጥሩም የራሴ ነው። በር አልሰበርኩም፥ ሰው አላስፈራራሁም። ማሽኑን ጠየቅሁት፥ ማሽኑም ሰጠኝ። ሌብነቱ የቱ ላይ ነው?» ይህ ክርክር በፌዝ የሚታለፍ አይደለም፤ ስለዚህ በዝግታ እንመልከተው።

«ሰጠኝ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ከባድ ቃል ነው። መስጠት ማለት የራስን ነገር በራስ ፈቃድ ለሌላ ማድረግ ነው። ማሽን ደግሞ የራሱ የሆነ ነገር የለውም፤ ፈቃድም የለውም። ባለቤቱ በፈቀደው መጠን ገንዘብ እንዲያወጣ የታዘዘ ብረት ነው። ትእዛዙ ሲበላሽ የሚወጣው ገንዘብ ከባለቤቱ እጅ የወደቀ ገንዘብ እንጂ ባለቤቱ የሰጠው ገንዘብ አይደለም። የወደቀ ገንዘብ ያገኘ ሰው ደግሞ ባለቤቱን ካወቀ ምን ማድረግ እንዳለበት ከእናቱ ቤት ጀምሮ ተምሮታል።

ነገሩን ወደ ሠፈራችን እናምጣው። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ እንደ ተሠራ ይነገራል፤ አምስት የጥንት በሮችም አሉት። በድሮ ዘመን እነዚህ በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። እንበልና በዚያ ዘመን አንድ ሌሊት ዘበኛው እንቅልፍ ጥሎት ሸዋ በር ሳይዘጋ አደረ። አንድ ሰው በዚያ ገብቶ ከአንድ ነጋዴ ደጅ የቡና ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ ቢያዝና «እኔ ምን አደረግሁ? በሩ አስገባኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? ዳኛው ዘበኛውን ስለ እንቅልፉ ይጠይቀዋል፤ ተሸካሚውንም ስለ ጆንያው ይጠይቀዋል። የዘበኛው ጥፋት የተሸካሚውን ጥፋት አያነጻውም። ጥፋት እንደ ዳቦ አይደለም፤ ተካፋይ ስለ በዛ የእያንዳንዱ ድርሻ አያንስም።

«የባንክ ገንዘብ የማንም አይደለም» የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ ባንክ ገንዘቡን ከሰማይ አላወረደውም። በሸዋ በር ቅመም የምትሸጠው እናት ለልጇ የዩኒቨርሲቲ መንገድ ያስቀመጠችው አለበት፤ የቀን ሠራተኛው እቍብ ደርሶት ያኖረው አለበት። «የማንም ያልሆነ ገንዘብ» ስንል «ፊቱን ያላየነው ሰው ገንዘብ» ማለታችን ነው። ኮምፒዩተር ካመጣብን ፈተና አንዱም ይኸው ነው፤ የምንበድለውን ሰው ፊት ከዓይናችን ይሰውርብናል። ከሴትዮዋ መቀነት ፈትቶ ለመውሰድ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፥ ቍልፍ ተጭኖ ሲወስድ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

«ሁሉም አድርጎታል» የሚለውም ክርክር የቈየ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያሳደገን ሕዝብ ነንና፥ ዕድል ሲከፈት አለመብላት ሞኝነት ሆኖ ይታየናል። ግን ይኸው ሕዝብ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎም ተርቷል። ሁለቱም ተረቶች የእኛ ናቸው፤ በዚያ ሌሊት በሰልፉ ላይ የቆመ እያንዳንዱ ወጣት ከሁለቱ አንዱን መርጧል። የመረጠው እርሱ ነው እንጂ ሲስተሙ አይደለም።

ከዚህ ላይ ግን ፍርዳችን ጭካኔ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። እኛም ተማሪዎች ነን፤ የወር መጨረሻ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሒሳቡን ሳያይ የለመደውን 200 ብር አውጥቶ በማግሥቱ ዕዳ ያለበት ሆኖ የተገኘ ልጅና፥ የሌለው መሆኑን እያወቀ ዐሥር ጊዜ እየተመላለሰ ያወጣ ልጅ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው ዕውቀት ነው፤ ጥፋት ያለ ዕውቀትና ያለ ፈቃድ ሙሉ አይሆንምና። የመለሱትም እንዲሁ ናቸው። ፎቶግራፉ እንዳይለጠፍ ፈርቶ የመለሰና፥ ማንም ሳይጠይቀው በጠዋት ቅርንጫፉ ደጅ ተሰልፎ የመለሰ በባንኩ መዝገብ ላይ እኩል ናቸው፤ በራሳቸው ኅሊና ፊት ግን እኩል አይደሉም።

ደግሞም ይህች ማመካኛ የተማሪ ብቻ አይደለችም። ከባቢሌ በማለዳ ተነሥተው የመጡ አዛውንት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆመው «ሲስተም የለም» ሲባሉ ስንት ጊዜ አይተናል! መቼ ይመለሳል? አይታወቅም። ማን ይጠየቃል? ማንም። እውነት ነው፥ መሥመሩ ሊቋረጥ ይችላል፤ ሠራተኛውም አይጠግነውም። ነገር ግን ስልካቸውን መዝግቦ መደወል፥ በወረቀት ተቀብሎ ማቈየት፥ ቢያንስ ወንበር ሰጥቶ «እማማ፥ ይቀመጡ» ማለት ሲስተም አይፈልግም። ተማሪው «ሲስተሙ ሰጠኝ» ሲል፥ ሠራተኛው «ሲስተሙ ከለከለኝ» ሲል፥ ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ እዚህ የለሁም» ነው የሚሉት።

ወደ ሁለተኛው አስተያየት እንለፍ። «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» የሚለው እምነት ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ለማየት ከአገራችን ወጣ ብለን የእንግሊዝን ፖስታ ቤት ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1999 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የሚባል፥ ፉጂትሱ በተባለው ኩባንያ የቀረበ የሒሳብ ሶፍትዌር በየቅርንጫፎቹ ማስገባት ጀመረ። ከዚያም በየመንደሩ ትንንሽ ፖስታ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ገንዘብ ጐደለባቸው። «አልነካንም» አሉ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ጐድሏል አለ። የታመነው ኮምፒዩተሩ ነው። የአገሩ ሕግም ቢሆን፥ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር ኮምፒዩተር በደንብ ይሠራል ብሎ ይገምት ነበር። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በዚህ ምክንያት ተፈረደባቸው። የታሰሩ፥ ቤታቸውን ያጡ፥ ራሳቸውን ያጠፉም ነበሩ። ብዙዎቹ ደውለው ሲጠይቁ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ» ይባሉ ነበር። አለን ቤትስ የተባለ ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ፥ በ2019 ፍርድ ቤት ሶፍትዌሩ ስሕተት እንደ ነበረበት አረጋገጠ፤ በ2024 ደግሞ ፓርላማው ፍርዶቹን የሚሰርዝ ሕግ አወጣ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጐን ለጐን እናስቀምጣቸው። በአንዱ ማሽኑ ተሳስቶ ሰዎች ተጠቀሙ፤ በሌላው ማሽኑ ተሳስቶ ንጹሓን ታሰሩ። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሶፍትዌር ማለት ሰው አስቀድሞ የጻፈው የትእዛዝ ክምችት ነው፤ «ይህን ጠይቅ፥ ከዚህ ጋር አስተያይ፥ ይህን ቀንስ» እያለ የሚሄድ። ማሽኑ የተጻፈለትን ያለ ድካም ይፈጽማል፤ የተጻፈለት ስሕተት ከሆነም ስሕተቱን ያለ ድካምና ያለ ኀፍረት ይፈጽማል። ስለዚህ «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» ስንል በእርግጥ የምንለው «የጻፈው ሰው አይሳሳትም፥ ያዘዘው ሰው አይሳሳትም» ነው። እንዲህ ብለን በግልጥ ብንናገረው ማንም አያምነንም፤ በማሽኑ ስም ስንናገረው ግን እስር ቤት ድረስ ያደርሳል።

ሦስተኛውን በአጭሩ እንለፈው። መታወቂያው ዲጂታል ሲሆን፥ ቍጥር ሲሰጠን፥ ክትባት ሲመጣ «ምልክቱ ደረሰ» የሚል ወሬ በመካከላችን ይዛመታል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ አባቶች። መላው ምንድን ነው? የማይጠየቀውን ጋኔን ትተን የሚጠየቀውን ሰው መጠየቅ ነው። ስማችንንና አሻራችንን ማን ያስቀምጠዋል? ለማን ያሳየዋል? ቢጠፋ ማን ይካሳል? አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ን አውጥታለች። ወሬውን የሚያዛምት ወጣት ግማሽ ጊዜውን አዋጁን ለማንበብ ቢሰጥ ለወላጆቹ የሚበልጥ ጠቀሜታ ይኖረው ነበር። ማሽኑን ጋኔን ማድረግ ከፍርሃት በቀር ትርፍ የለውም፤ እንዲያውም መጠየቅ የሚገባቸውን ሰዎች ከጥያቄ ያድናቸዋል።

ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መጥቷል። ጠይቀን ይመልስልናል፤ የቤት ሥራችንንም ይጽፍልናል። ነገ «ስሕተቱ የእኔ አይደለም፥ እርሱ ነው የጻፈው» የሚል ሐኪም፥ ዳኛና መምህር እንዳይበዛ ያሰጋል። እኛ የነገዎቹ ሐኪሞች፥ ዳኞችና መምህራን ነንና ነገሩ ከወዲሁ ይመለከተናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የቤተ ክርስቲያናችን ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት እንዴት እንደሚቈጠር እናውቃለን። አንድ ሰው ብቻውን አይቈጥረውም፤ ሌሎች ቆመው ያያሉ፥ የቈጠሩትም ይፈርማሉ። ይህም ቈጣሪው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ስም የሌለበት ሥራ እንዳይኖር ነው። በኮምፒዩተር ለሚሠራውም ሥራ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የአባላት መዝገባችንን ነገ ወደ ኮምፒዩተር ብናዛውረው፥ ከማሽኑ አጠገብ ስሕተት ሲገኝ «እኔ ነኝ፥ እኔን ጠይቁኝ» የሚል የሰው ስም ይጻፍ።

ንግግራችንም እንዲሁ ይታረም። «ሲስተሙ ሰጠኝ» ከማለት «ወሰድኩ» እንበል። «ሲስተሙ እንቢ አለ» ከማለት «ዛሬ ልሠራልዎ አልቻልኩም፥ ነገ ግን እንዲህ አደርጋለሁ» እንበል። ስለማናውቀው የቴክኒክ ዜና ስንጠየቅ «አላውቅም፥ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለትን እንልመድ፤ ይህን የተናገረ ሰው ክብሩ አይጐድልበትም።

ማሽኑ ነገም ይሳሳታል፤ የሚሠሩት ሰዎች ናቸውና። ምናልባትም ማንም በማያየን ሰዓት በእኛው እጅ ላይ ይሳሳት ይሆናል። ያን ጊዜ ሲስተሙ ምንም አይጠየቅም፤ የምንጠየቀው እኛ ነን።