«ለሐበሻ ሙስሊም ብቻ»፦ ስለ ቤት፣ ስለ ደላላና ስለ አደራ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ ስለ ቤት ነው። እዚሁ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስለምናከራየውና ስለምንከራየው፣ ስለምንሸጠውና ስለምንገዛው ቤት።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያላየ ያለ አይመስለኝም፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የራሱ መግቢያ ያለው ቤዝመንት፣ ለባስ ቅርብ። ለሐበሻ ሙስሊም ብቻ። ልጅ የሌለው ይመረጣል።» ምናልባት ከመካከላችሁ የጻፈውም ይኖራል። የጻፈው ሰው ክፋት አስቦ አይደለም። ቋንቋችንን የሚያውቅ፣ ቡና የሚጣጣው፣ ሶላት ላይ ሲሆን ሙዚቃ የማይከፍትበት ሰው ፈልጎ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። እህታችሁ ቤት ፈልጋ ስልክ ደወለች። «ክፍት ነው፣ ነይና እዪው» ተባለች። በሥራ እረፍቷ ሁለት ባስ ቀይራ ሄደች። በሩ ሲከፈትና ሂጃቧ ሲታይ «ይቅርታ፣ አሁን ተይዟል» ተባለች። በነጋታው ማስታወቂያው እንዳለ ነው። ይህን ስትሰሙ ደማችሁ ይፈላል፤ «አድልዎ ነው፣ ሕግ የለም ወይ!» ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ።

ነገር ግን የእኛ ማስታወቂያና የዚያ ሰው «ተይዟል» አንድ ናቸው። የሚለየው እኛ የቆምንበት ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ከበሩ ውጭ ነን፣ እዚህ ከውስጥ። አላህ በሱረቱል ሙጠፊፊን መጀመሪያ ላይ ወዮላቸው ያላቸው ሰዎች ከሰው ሲሰፈርላቸው ሞልተው የሚወስዱ፣ ለሰው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉ ናቸው። ሚዛን የእህል ብቻ አይደለም። መብታችንን ስንጠይቅ ሙሉውን፣ የሌላውን ስንሰጥ ጎደሎውን ከሆነ፣ ያ ሱራ ስለ እኛም ይናገራል።

ሕጉ ምን እንደሚል በአጭሩ እንይ። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ተገደለ። በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11፣ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ተፈረመ። ቤት ሲሸጥም ሆነ ሲከራይ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር መለየትን ከለከለ። በ1974 ጾታ ተጨመረ፤ በ1988 ደግሞ አካል ጉዳትና ልጆች ያሉት ቤተሰብ። ከዚያ በፊት ቤቱን ለጥቁር መሸጥ የሚከለክል ቃል በይዞታ ወረቀት ላይ ይጻፍ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ያለው በ1948 ነው። እኛ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከሐረር መጥተን ዛሬ በፈለግንበት ሰፈር ቤት የምንጠይቀው ሌሎች መሥዋዕትነት ከፍለው በከፈቱት በር ገብተን ነው። በሩን ገብቶ ከኋላ መዝጋት ከሙእሚን አይጠበቅም።

«እኔ እኮ ቤቴ ነው፣ የምኖረውም እዚያው ነው» የሚል አለ። እውነት ነው፣ የፌዴራሉ ሕግ ከአራት መኖሪያ በማይበልጥ ሕንፃ ውስጥ ራሱ ለሚኖር ባለቤት ቀዳዳ ትቷል። ማስታወቂያውን ግን አይመለከትም። «ለእንትና ብቻ» ብሎ መጻፍ ለእርሱም ክልክል ነው። በዘር መለየትን ደግሞ ከ1866 ጀምሮ ያለ ሌላ ሕግ ይከለክላል። ስቴቶችም የራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በ2020 የገቢ ምንጭን ስለጨመሩ፣ ተከራዩ በመንግሥት ቫውቸር ስለሚከፍል ብቻ ፊት መንሳት በአብዛኛው አይፈቀድም።

ግን ጁሙዓ ነውና ጥያቄውን ከቀዳዳው ከፍ እናድርገው። ሕጉ ባይደርስብኝስ? ለወገን ማድላት ኃጢአት ነው ወይስ ዝምድናን መቀጠል?

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ከራሳችሁ ኪስ ስትሰጡ ዘመድን ማስቀደም የተወደደ ነው። ለአዲስ መጤ ወንድም ክፍላችሁን በነፃ ብትለቁለት አጅራችሁ አላህ ዘንድ ነው። ቤቱን ለገበያ ካወጣችሁት ግን ሰዎች ገንዘባቸውን ይዘው የሚመጡበት ሚዛን ሆኗል፤ ሚዛን ደግሞ ዘመድ አያውቅም። በሱረቱ አን-ኒሳእ አላህ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም አዟል። በዚያ ላይ በዚህ አገር ስንኖር ሕጉን ልናከብር ቃል ገብተናል፤ የሱረቱል ማኢዳ የመጀመሪያ ትእዛዝም ቃል ኪዳንን መሙላት ነው።

ሌላም አለ። እኛ የነጃሺ አገር ልጆች ነን። መካ ላይ የተበደሉት ሶሓባዎች ባሕር ተሻግረው ሲመጡ፣ ያስጠጋቸው ንጉሥ ያን ጊዜ የእነርሱ ሃይማኖት ተከታይ አልነበረም። ቁረይሾች ስጦታ ይዘው «መልስልን» ሲሉት ስጦታውን መለሰ እንጂ እንግዶቹን አልመለሰም። ይህን ታሪክ በየመድረኩ በኩራት እንናገራለን። ቤዝመንታችንን ስናከራይስ?

«ታዲያ ኩሽናዬን ከማላውቀው ሰው ጋር እንዴት ልጋራ?» ለሚል መልስ አለ። የሰውየውን ማንነት ትታችሁ የቤቱን ሥርዓት ጻፉ። «ማጨስ አይፈቀድም። በጋራው ኩሽና አልኮል አይገባም። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ይጠበቃል።» ይህን ሥርዓት ለሁሉም እኩል አድርጉት። መታጠቢያና ኩሽና በምትጋራበት ቤት ውስጥ ሴት ሴት ተከራይ መፈለጓን ሕጉም ይረዳል። ሥርዓታችሁን የሚቀበል ሰው ከየትም ቢመጣ ጎረቤት ነው። ሶሓባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር በግ ባሳረዱ ጊዜ ደጋግመው የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ድርሻው ስለመላኩ ነበር።

አሁን ወደ ደላላው ልምጣ፤ ይህ የእኔም እንጀራ ነውና ከራሴ እጀምራለሁ።

አገር ቤት «ደላላ» ስንል ግማሹ ስድብ ነው። ቃሉ በዐረብኛ ከማመላከት ይመጣል፤ በአማርኛችን ግን «መደለል» ማታለል ሆኗል። እዚህ ስሙ ተለውጦ «ኤጀንት» ይባላል። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም 60 ሰዓት ተምረን፣ ፈተና አልፈን ላይሰንስ እንይዛለን። ከተማርነው ሁሉ ትልቁ ነገር አንድ ነው፦ ኤጀንት ለወከለው ሰው ታማኝ ነው። ምስጢሩን ይጠብቃል፣ ማወቅ ያለበትን ይነግረዋል፣ ገንዘቡን ከራሱ ገንዘብ ጋር አይቀላቅልም። ቀብዱ የሚቀመጠው ኤስክሮ በሚባል የተለየ ሒሳብ ነው። እኛ ይህን «አደራ» እንለዋለን፤ የሚያጎድለውን ደግሞ «አደራ በላ»።

አንድ ቀን ከሶላት በኋላ አንድ ወንድም ያዘኝ። እርሱ የሻጭ ኤጀንት፣ እኔ የገዢ። በደንብ እንተዋወቃለን፣ ልጆቻችን አብረው ይቀራሉ። ትከሻዬን ይዞ በፈገግታ «በአላህ፣ ሰውየህ እስከ ስንት ይሄዳል? እንዳንደክም ብዬ ነው» አለኝ። ደንበኛዬ ከጻፍነው ዋጋ በላይ 20,000 ዶላር ሊጨምር እንደሚችል ነግሮኛል። መልሱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ፤ ወንድሜ ነው፣ መስጂድ ውስጥ ነን፣ ቶሎ ብንጨርስ ለሁላችንም ይቀለናል። ደንበኛዬ ደግሞ ሙስሊም አይደለም፤ ሸይጧን እርሱንም አስታወሰኝ።

ያኔ ትዝ ያለኝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው አንድ ነገር ነግሮን ዞር ዞር ብሎ ካየ ያ ንግግር አደራ መሆኑን ማስተማራቸው ነው። ደንበኛዬ ቁጥሩን የነገረኝ መኪና ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «ይቅር በለኝ፣ የእርሱ ነው፣ የእኔ አይደለም» አልኩት። ወንድሜ ትንሽ ቅር አለው። የአንድን ሰው 20,000 ዶላር ለወዳጅነት ስጦታ አድርጌ ብሰጥ ግን፣ የሰጠሁት የሰው ገንዘብ ነበር።

ወኪል ማለት ምን እንደሆነ የዑርወቱል ባሪቂ ታሪክ ያስረዳናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጡት። በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠ፤ በግም ዲናርም ይዞ ተመለሰ። በብልሃቱ ያገኘውን ትርፍ ኪሱ ሊከት ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም ነበር። ለባለቤቱ መለሰ፤ እርሳቸውም በንግዱ በረካ እንዲኖረው ዱዓ አደረጉለት። የደላላ በረካ ያለው እዚያ ማንም የማያውቀው ዲናር ላይ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ዘካ ሊሰበስብ የተላከው ኢብኑል ሉትቢያ ነው። ሲመለስ «ይህ የእናንተ፣ ይህ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ» አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተቆጡ፤ እናት አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። ወንድሜ፣ የሞርጌጅ ሰው ወይም ኢንስፔክተሩ ደንበኛ ስለላክህለት ብቻ በፖስታ የሚሰጥህን አስብ። የቤት ግዢ ክፍያዎችን የሚመለከተው የ1974 የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለውን የድብቅ ክፍያ ይከለክላል። ሐዲሡ ደግሞ ከዚያ በፊት ፖስታውን ከፍቶ አይቶታል። ጥሩ ኢንስፔክተር ጣሪያው እንደሚያፈስ የሚናገር ነው፤ ፖስታ የሚሰጥ ኢንስፔክተር ግን ቤቱ እንዲሸጥልህ ዝም ሊል ይችላል። ክረምት ሲገባ በዚያ ጣሪያ ስር የሚተኙት የደንበኛህ ልጆች ናቸው።

ደንበኛ «እኛ ሰዎች ያሉበት ሰፈር አሳየኝ» ወይም «እነ እንትና የሌሉበት ይሁን» ሲለንም ፈተና ነው። ሰውን በዘሩና በሃይማኖቱ ወደ አንድ ሰፈር መምራት፣ ከሌላው ማራቅ ለኤጀንት የተከለከለ ነው፤ ከተማዎች በዘር የተከፋፈሉበት አንዱ መንገድ ይኸው ነበር። «የትኛው መስጂድ እንደሚቀርብህ ንገረኝ፣ ርቀቱን አብረን እንለካለን፤ ጎረቤት መምረጥ ግን የእኔ ሥራ አይደለም» ማለት ይቻላል። ደንበኛው የሚፈልገውን ያገኛል፣ እኛም ሰውን በሰው ላይ አንመዝንም።

በመጨረሻ ለእኛ ለደላሎች የሚያጽናና አንድ ሐዲሥ ላስታውስ። ቀይስ ኢብኑ አቢ ገረዛ እንደሚያስተላልፉት፣ በገበያ ያሉት ሰዎች ያኔ «ደላሎች» ይባሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአጠገባቸው ሲያልፉ ከዚያ በተሻለ ስም፣ ነጋዴዎች ብለው ጠሯቸው። ቀጥለውም ንግድ ውስጥ ከንቱ ንግግርና መሐላ ስለሚገባ በሰደቃ እንዲቀላቅሉት መከሯቸው። መልካሙን ስም ሰጥተው፣ ስሙ የሚጸዳበትን መንገድ አብረው አሳዩ።

የዚህ ሥራ ሰደቃ ምን ሊሆን ይችላል? ውል ማንበብ ለማይችል አዲስ መጤ ሳያስከፍሉ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ማስረዳት። ቫውቸር የያዘችን እናት ስልክ መመለስ። የቤቱን ጉድለት ገዢው ሳይጠይቅ መናገር።

እኛ አከራዮች ደግሞ ዛሬ ከጁሙዓ ስንመለስ ስልካችንን እንክፈት። ማስታወቂያችንን እናንብበው፤ እህታችን በር ላይ ቆማ እያነበበችው እንደሆነ እናስብ። «ብቻ» የምትለዋን ቃል እናጥፋት።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ቤታችንን የሰላም ያድርግልን። አደራ ከሚበሉ ሰዎች አያድርገን። በሁለት ሚዛን ከመስፈር ይጠብቀን። አሚን።

ወሰለላሁ ዐላ ነቢይና ሙሐመድ፣ ወዐላ አሊሂ ወሰሕቢሂ አጅመዒን።