መልቀቂያ ካስገቡ በኋላ

ሥራ ስለ መያዝ የሚመክር አይጠፋም፤ ስለ አለቃቀቁ የሚመክር ግን ጥቂት ነው። በኤምሬትስ፣ አል ዐይን ከተማ፣ አል ቶዋያ ሰፈር ውስጥ ሠርቶ ለሚያድር ወጣት ሐበሻ ይህ ምክር ያስፈልገዋል። ከአሠሪ ጋር ተኳርፎ በሌሊት ሻንጣ አንሥቶ የወጣ ብዙ ነውና።

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ሰው ከቤተ መንግሥት ይገኛል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ኃይለማርያም ደሣለኝ በ1957 ወላይታ፣ ቦሎሶ ሶሬ ተወለዱ፤ ሲቪል ምህንድስና ተማሩ፣ አርባ ምንጭ አስተማሩ፣ ፊንላንድ ሄደው ማስተርሳቸውን ያዙ። አቶ መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ሲያርፉ ምክትላቸው ነበሩና ወንበሩ በእርሳቸው ላይ ወደቀ። መስከረም 11 ቀን 2005 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ዘመናቸው ቀላል አልነበረም። በኦሮሚያና በአማራ ተቃውሞው በረታ፣ ሰው ሞተ፣ መስከረም 28 ቀን 2009 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዐረብ አገር ያለ ሠራተኛም የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ በጥቅምት 2006 መንግሥታቸው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ። የቸኮለው በደላላ እጅ፣ በበረሃና በባሕር መሄዱን ግን አልተወም። ስለ ውጭ አገር ሥራ አዲስ አዋጅ ቁጥር 923 በ2008 ወጣ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ነው።

የካቲት 8 ቀን 2010 ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ለሕዝብ ተናገሩ። በአገራችን ንጉሥ ከዙፋኑ ሲወርድ፣ ፕሬዚዳንት ሲሸሽ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲረሸን አይተናል፤ በገዛ እጁ ሥልጣን አስረክቦ በሰላም ቤቱ የገባ ግን ብርቅ ነው።

ልብ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ተተኪው እስኪሰየም ድረስ፣ እስከ መጋቢት 24፣ 46 ቀን በቢሮው ቆዩ፤ ከዚያ አስረክበው ወጡ።

ስፔንም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ከፍራንኮ አምባገነንነት በኋላ አገሪቱን ወደ ምርጫ የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር አዶልፎ ስዋሬዝ እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1981 መልቀቂያቸውን አስታወቁ። የካቲት 23 ምክር ቤቱ ለተተኪያቸው ድምፅ ሲሰጥ፣ የታጠቁ የፖሊስ ኃይሎች ገብተው ተኮሱ። አብዛኛው የምክር ቤት አባል ከወንበሩ ሥር ተኛ፤ ስዋሬዝ ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም። ሥራቸውን የለቀቁ ሰው ነበሩ፤ ኃላፊነቱ ግን ገና በእጃቸው ነበር።

የኤምሬትስ የሥራ ሕግም ይህንኑ ከመልቀቂያ እስከ መውጫ ያለውን ጊዜ ያከብራል። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከ30 እስከ 90 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ አንድ ዓመት የሞላው የአገልግሎት ክፍያ ያገኛል፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መነሻ ደሞዝ ይታሰብለታል። የቤት ሠራተኛ የምትተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ ኮንትራቷን ታስነብብ። ሳያሳውቅ የወጣ ግን «ጠፋ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ያኔ መብቱን መጠየቅ ይከብደዋል።

እንግዲህ የቆረጠ ይልቀቅ። ደብዳቤውን በጽሑፍ ይስጥ፣ ቅጂውን ያስቀር፣ ተተኪውን ያሠልጥን፣ ቁልፉን ቆጥሮ ያስረክብ። የሥራ ፈቃድ ማሰረዣ (ካንስል) ወረቀት ላይ የሚፈርመውም ሒሳቡን ካየ በኋላ ይሁን።